ዘጠነኛዋ ሰንጢ

ስምንት ሰንጢዎች አሉኝ፥ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ፤
አልጋቸው ቀይ ከፈይ ነው፥ ከባቡር ወንበር የተቀደደ ድሮ።
(የአንደኛ ማዕረግ ከፈይ፥ ጌቶች የተቀመጡበት፤
ጥገና ክፍል ሞረድ ይዤ፥ ሲጥሉት አየሁና አነሣሁት።)

አንዷ የሐረር ናት፥ የበሬ ቀንድ እጀታ፣
ስትከፈት የምታቃስት፥ እንደ አሮጊት ጠዋት ተነሥታ፤
አንዷ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የገባች፣
ከሽቶና ከሽርጥ መሐል ፍተሻ ያመለጠች፤
አንዷ የግሪክ ባለሱቅ፥ ቡሽ መንቀያዋ የጎበጠ፣
አንዷ ጫፏ የተሰበረ፥ ማን ላይ እንደሆነ ያልተገለጠ።
የቀሩትን አልዘረዝርም።

ዓርብ ዓርብ ማታ እወለውላቸዋለሁ፥ በልብስ ስፌት ዘይት፤
አሰገደች ታየኛለች፥ እንደ ሞኝ ልጅ፥ በትዕግሥት፤
«ሽንኩርት እንኳ ከትፈህ አታውቅ፥» ትለኛለች፥ «በዚህ ሁሉ ስለት!»

ቅዳሜ ቀፊራ ወረድሁ።
ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ፥ አስፋልቱ ጫማ ይልሳል፣
የባጃጅ ጡሩምባ ከግመል፥ ከማንጎ ጠረን ይተራመሳል።
መይሙና ጨርቋን አንጥፋ፥ ከቅስቱ ጥላ ሥር ገብታ፣
ቁልፍ የሌለው ጓጉንቸር፥ ጓጉንቸር የሌለው ቁልፍ፥
የሞተ ሰዓት እጅ ሳይቀር ከኮሮጆዋ አውጥታ።

ከነዚያ መሐል አየኋት።
እጀታዋ የግመል አጥንት፥ የሽማግሌ ጥርስ የመሰለ፣
ምላጯ ከመሳል ብዛት ሳስቶ ሳስቶ የቀለለ።
ጥፍሬን ቦይዋ ውስጥ ከትቼ፥ ቀስ ብዬ ብስባት፥ ቀጭ!
ብርቱካን ሸተተኝ።
ዝገት አይደለም፥ ዘይት አይደለም፤ ብርቱካን ሸተተኝ።

«ስንት?»
«ሦስት መቶ።»
«መቶ ሃያ።»
ሳቀች። «በመቶ ሃያ፥ አባባ፥ ሽታዋን ብቻ ይውሰዱ።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ፥ እጇ ባትሪ እየደረደረ፤
የባሏ ነበረች፥ የጅብሪል፥ ኤረር ጣቢያ የኖረ፤
«ባቡር ሲቆም ይሮጣል፥ ብርቱካኑን በጉያው ይዞ፣
በመስኮት ልጦ ያቀብላል፥ ልጣጩ እንደ ሪባን ተመዞ፤
አንድ ቀን ሳይበጠስበት! ከላይ እስከ ታች፥ አንድ ክር፣
ፊሽካ ሳይነፋ ይጨርሳል፥ ሳንቲሙን እንኳ ሳይቆጥር።
ባቡሩ ቀረ። እሱም ቀረ።»

እኔ ያንን መስመር ለጥገና ሠላሳ ዓመት ተመላለስሁ፤
በዚያ መስኮት ስንት ብርቱካን በላሁ!
እጅ አስታውሳለሁ፤ ፊት አላስታውስም።
እውነት ልናገር፥ እጁንም አላስታውስም፤
በአገጬ የወረደውን ጭማቂ ነው፣
እስከ መኢሶ ድረስ የተጣበቀ ጣቴን ነው።

«እሸጥልዎታለሁ፤ ግን ስለት አለባት።»
«አየሁት፤ ስል ናት።»
«እሱን አይደለም፤ ሥራ ፈትታ ላላሳድራት ተስያለሁ፤
የሚገዛት ስለቷንም ይገዛል። በሳምንት አንድ ብርቱካን።
ባይገኝ ዘይቱን፥ ባይገኝ አምበሾክ። ሣጥን ውስጥ አትተኛም።»

ለቁልቢ አግብቼ አውቃለሁ፥ ጃንጥላ፥ ሻማ፥ አንዴም በግ፤
የብርቱካን ስለት ግን፥ የየት አገር ሕግ?

ሁለት መቶ ሰጠኋት፤ አርባ ብር ቀረብኝ፤
እስከ ከዚራ ድረስ፥ እንደ ሰው ጣት ጭኔን ቆረቆረችኝ።

ያን ሌሊት ግን ከፈዩ ላይ አስተኛኋት፥ ከስምንቱ ጎን፤
ሲነጋ ቆርቆሮውን ብከፍት፥ ሁሉም ብርቱካን፥ ብርቱካን።

ገዛሁ። ደጃፍ ኒሙ ሥር ተቀመጥሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤
አንድ ዙር፥ ሁለት ዙር፤ ሦስተኛው ላይ ልጣጩ ይበጠሳል።
አሰገደች ግማሹን በላች፥ ፍሬውን ወደ አጥር ተፋች፤
«ቢላዋ ጠፍቶ ነው?» አለች፤ ግን ሌላውን ግማሽ አየች።

ቆርቆሮው ውስጥ ዛሬም ስምንት ናቸው።
ዘጠነኛዋ ኪሴ ናት።
ጫፏ የተሰበረችውን አንዳንዴ አንሥቼ አያታለሁ፤
የሷን ስለት ማን ተሳለው?

በሳምንቱ ልጣጬን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
ቅስቱ ሥር፥ መይሙና ፊት ዘረጋሁት።
በስንዝር ለካችው። አንድ ስንዝር ተኩል።
«አጭር ነው፤» አለችኝ፤
«አርባ ብሬስ?»